አንቺ ብቻ አትጠይቂው፣ እሱም ይጠይቅሽ

እህቴ፣ «ልጄ 4ኛ ክፍል ነው፣ ጮክ ብሎ ሲያነብ አንድ ፊደል አይስትም፣ ምን አነበብክ ስለው ግን ዝም ይላል፣ ጥያቄ ባወጣለትም ለውጥ የለም» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። 11 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። እንደ ልጅሽ ያለ ተማሪ ያልነበረበት ክፍል አላስታውስም።

መጀመሪያ የምታወጪያቸውን ጥያቄዎች እያቸው። እስቲ ይቺን አንብቢ፦ «ቶርፋሙ ብንጠሩን ዘፈለቀው።» ብንጠሩን ማን ዘፈለቀው? ቶርፋሙ። መለስሽ አይደል? ቃላቱን ግን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፣ አንዱም ትርጉም የለውም። ልጆችም እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት፤ ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ምንባቡ ላይ ይፈልጉና አረፍተ ነገሩን እንዳለ ይገለብጡታል፣ እኛም ራይት አድርገን 10 ከ10 እንሰጣለን። እኔ ለዓመታት እንደዛ ስሰጥ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ መልሱ አንድ መስመር ላይ የማይገኝ ጥያቄ ጠይቂው። ስለ አባይ ቢያነብ፣ «ከየት ይወጣል?» ካልሽው «ከጣና» ብሎ ይገላገላል። «ክረምት ላይ ውሃው ለምን ይደፈርሳል?» ስትይው ግን፣ ደጋው ላይ ዝናብ ይበዛል የሚለውን አንድ ቦታ፣ ጎርፍ አፈር ጠርጎ ይወስዳል የሚለውን ሌላ ቦታ አግኝቶ ማገናኘት አለበት። ዋናው እሱ ማገናኘቱ ነው። ሲመልስልሽ «በምን አወቅክ?» በይውና ጣቱን መስመሩ ላይ ያሳርፍልሽ።

ከሁሉም በላይ የሠራልኝ ግን ጠያቂነቱን ለልጆቹ መስጠት ነው። ፓሊንሳር እና ብራውን የተባሉ አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት፣ ልክ እንደ ልጅሽ ቃላቱን ማንበብ የሚችሉ ግን ያነበቡት የማይገባቸውን ተማሪዎች በየተራ እንደ አስተማሪ እንዲጠይቁ ሲያደርጓቸው መረዳታቸው በደንብ ተሻሽሏል። እኔ ይህን በእንቆቅልሽ ነው የማደርገው። አንድ አንቀጽ ሁለታችሁም በልባችሁ አንብቡ። ከዚያ እሱ «እንቆቅልሽ» ይበልሽ፣ አንቺ «ምን አውቅልህ»። ካቃተሽ አገር ስጪው። እናቱን ረትቶ ጎንደርን ለመውሰድ ሲል ያቺን አንቀጽ ስንቴ እንደሚመላለስባት ታያለሽ!

መጀመሪያ ላይ «ማን»፣ «የት» ብቻ ነው የሚጠይቅሽ። አታርሚው። ተራሽ ሲደርስ አንቺ «ለምን» እያልሽ ጠይቂው፣ ቀስ ብሎ ይወስደዋል፤ የኔዎቹ ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ሲያቅተው ደግሞ ቶሎ አትበሳጪ፣ አንዳንዴ ችግሩ አንድ ቃል ነው። «ደለል» ምን እንደሆነ ሳያውቅ ስለ ግድብ ያነበበ ልጅ ምን ብሎ ይመልስ?

ለሳይንስ መጽሐፉ አርእስቱን ወደ ጥያቄ መቀየር ይበቃል። «የውሃ ዑደት» ከሚል «የዘነበው ውሃ የት ይሄዳል?» ብሎ ይጻፍና መልሱን እየፈለገ ያንብብ።

በቀን 15 ደቂቃ አትለፉ፣ ምርመራ እንዳይመስለው። ኳስ ከወደደ ዛሬ ማታ በኳስ ዜና ጀምሩ። የመጀመሪያውን «ለምን» የጠየቀሽ ቀን ጥያቄውን እዚህ ጻፊልኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ።