የላፓራስኮፒ እጀታ ለማሻሻል ለጠየቃችሁ፦ ከአውራ ጣት ጀምሩ

ሰላም ወንድም ዓለም። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሜካኒካል ተማሪዎች ናችሁ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት የላፓራስኮፒ መሣሪያ እጀታ ልታሻሽሉ አስባችኋል፤ ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በትናንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ማለት ነው። «በስሪዲ ፕሪንተር አትመን ለስላሳ ጎማ ብናለብሰው ይበቃል ወይ? ካልበቃ ከየት እንጀምር?» ነው ያልከው። እኔ ደሴ ውስጥ ኦፕራሲዮን ክፍል በስክራብ ነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መሣሪያ አቀብላለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ ታጥቦ አውቶክሌቭ (በጋለ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) እስኪገባ ድረስ እከታተላለሁ። የምመልስልህ ከዚያ ወገን ሆኜ ነው።

ጎማው ብቻውን አይበቃም። እጅን የሚጎዳው ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ቦታው ካልተቀየረ ምንም ብታለብሰው ያው ነው።

የተለመደውን እጀታ እስቲ እየው። ሁለት ቀለበት አለው። በአንዱ አውራ ጣት ይገባል፣ በሌላው ሌሎቹ ጣቶች። ቅርጹ የመጣው ከመቀስና ከኒድል ሆልደር (የመስፊያ መርፌ መያዣ) ነው። በክፍት ቀዶ ሕክምና ምንም አይልም። መሣሪያው አጭር ነው፤ ሐኪሙ ይይዛል፣ ይቆልፋል፣ ያስቀምጣል። ላፓራስኮፒ ላይ ግን ዘንጉ ከ30 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የሚገባው ሆድ ላይ በተተከለ ትሮካር በሚባል ቱቦ ነው። ሐኪሙ እጁን ወደ ቀኝ ሲወስድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ጫፉን የሚፈልገው ቦታ ለማድረስ የእጅ አንጓውን ማጠፍና ክንዱን ማንሳት ግድ ይሆንበታል። የሐሞት ከረጢት ሲወጣ ደግሞ ረዳቱ ከረጢቱን በመሣሪያው ነክሶ ወደ ላይ እንደገፋ ረጅም ሰዓት ይቆማል። ያ ሁሉ ጊዜ አውራ ጣቱ ቀለበት ውስጥ ነው።

ጣቱ ጠልቆ ሲገባ የቀለበቱ ጠርዝ ጎኑን ይጫነዋል። እዚያ ጎን ላይ ቆዳው ሥር ነርቭ ያልፋል። ነርቩ ሲጫን ጣቱ ይደነዝዛል። ኤሪክ ሙሄ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የሐሞት ከረጢትን በላፓራስኮፒ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ዘዴው ገና በዓለም እየተስፋፋ ሳለ፣ የሐኪሞች አውራ ጣት መደንዘዝ በሕክምና መጽሔቶች ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር። ይኸው እስካሁን ቀለበቱ አለ።

ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የሚያደርጉትን ልብ በል። አውራ ጣታቸውን ከቀለበቱ ያወጡና እጀታውን በመዳፋቸው አቅፈው ይይዙታል። ማንም አላስተማራቸውም፤ እጃቸው ነው ያገኘው። ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ይሄ ነው። የምትሠሩት እጀታ ጭነቱን ወደ መዳፍ ይውሰደው። የአውራ ጣቱ ቀለበት ሰፊ ወይም አንድ ጎኑ ክፍት ይሁን። ጠርዙ ክብ ይሁን እንጂ ስለታም አይሁን። መቆለፊያውንና ዘንጉን የምታዞረዋን ቁልፍ ጠቋሚ ጣት አያያዙን ሳይለቅ ይድረስባቸው። አሁን ባሉት መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ቁልፏን ለማዞር ሌላ እጅ ሲበደሩ አያለሁ።

ሁለተኛው ነገር የእጅ መጠን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በጣም የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ስለሆነ። የቀዶ ሕክምና ጓንት በግማሽ ቁጥር እየጨመረ ከ5.5 እስከ 9 ይሄዳል። አንዱ ሐኪም «ስምንት ስጪኝ» ይላል፣ አጠገቡ የቆመችው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም) «ስድስት ተኩል» ትላለች። የሚይዙት መሣሪያ ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አንድ ጥናት 726 የላፓራስኮፒ ሐኪሞች ተጠይቀው ነበር። ጓንታቸው 6.5 እና ከዚያ በታች የሆኑት በመሣሪያዎቹ የበለጠ ይቸገሩ ነበር። እኛ ጋም የማየው ይሄንኑ ነው። እጀታው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ትንሽ እጅ አይደርስበትም። ሬዚደንቷ በሁለት እጅ ትከፍተዋለች፣ ከዚያ «ጉልበት የላትም» ትባላለች። ጉልበት አይደለም ያነሳት። እጀታው ለእሷ አልተሠራም። ስለዚህ ስዕል ከመጀመራችሁ በፊት እጅ ለኩ። የመዳፍ ስፋት፣ የእጅ ርዝመት፣ ከአውራ ጣት እስከ ጠቋሚ ጣት የሚከፈተውን ርቀት። ሴቶችንም ወንዶችንም፣ ጓንት አጥልቀው፣ ጓንቱን በሳላይን (የጨው ውኃ) አርጥባችሁ። ደረቅ እጅ የወደደውን እርጥብ ጓንት ያንሸራትተዋል። ቢቻል ሁለት መጠን ሥሩ።

ሦስተኛው የናንተ የሙያ ሥራ ነው። እጀታው ላይ የሚጨመቀው ኃይል ሁሉ ጫፉ ላይ አይደርስም። እንደ ዛገ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ መሃል ላይ በሰበቃ ይጠፋል። ሐኪሙ ያንን ለማካካስ አብዝቶ ይጨምቃል፣ ክንዱ ይዝላል። ስለዚህ አንድ ያረጀ መሣሪያ ፈልጉና በሻንጣ መመዘኛ ስፕሪንግ ሚዛን እጀታው ላይ ስትስቡ ጫፉ ላይ ስንት እንደሚደርስ ለኩ። ከዚያ መጋጠሚያውን ፈትታችሁ አጽዱ፣ የመሣሪያ ቅባት አድርጉና እንደገና ለኩ። ልዩነት ካገኛችሁ የፕሮጀክታችሁ ግማሽ መጋጠሚያው ላይ ነው ማለት ነው።

አልጋውንም እንዳትረሱ። የላፓራስኮፒ መሣሪያ ረጅም ስለሆነ አልጋው ከክፍት ቀዶ ሕክምና ይልቅ ዝቅ ማለት አለበት፣ እጀታው ክርን አካባቢ እንዲውል። ዝቅ የማይል አሮጌ አልጋ ካለ አጭር ሐኪም መርገጫ ላይ ይወጣል። ይሄ ሳይስተካከል የተሞከረ እጀታ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ስትሞክሩ የሁሉንም ሰው የክርን ከፍታ አስተካክሉ።

አሁን ወደ ስሪዲው ልምጣ። የተለመደው የማተሚያ ፕላስቲክ ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። አውቶክሌቭ 121 ወይም 134 ዲግሪ ነው። አንድ ጊዜ ገብቶ ተጣሞ ይወጣል። ፒኤልኤ ለቅርጽ መሞከሪያ ግሩም ነው፣ እሱን አልነቅፍም። ደጋግሞ አውቶክሌቭ የሚገባው ግን ስቴይንለስ ስቲል፣ ሲሊኮን ወይም እንደ ፒክ ያለ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ነው። ጎማ ስታለብሱ ደግሞ መጋጠሚያው ስንጥቅ አይኑረው። ደም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ብሩሽ አያወጣውም፣ እንፋሎቱም አይደርስበትም። ለጌጥ ተብለው የሚሠሩ ቦዮችና ነጠብጣቦች ለአጣቢዋ መከራ ናቸው። ክሎሪን ውስጥ የሚነከር ከሆነም ብረቱ ቶሎ ይበላል፣ በተለይ መጋጠሚያው። አንድ ቀን ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ገብታችሁ አብራችሁ ብታጥቡ ዲዛይናችሁ ይለወጣል።

ሙቀቱን ስትሞክሩ የደሴን ከፍታ አስቡ። ብዙ መመሪያ ላይ ለ121 ዲግሪ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ) ይላል። ያ ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። በተራ ጌጅ (የግፊት ማሳያ) 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ይፈልጋል። 15 ላይ ካቆማችሁት 117 ዲግሪ እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ወደ 18 ይበቃታል። እዚያ የሞከራችሁትንና እዚህ የሞከራችሁትን በጌጅ አታወዳድሩ፣ በቴርሞሜትር አወዳድሩ።

ስለ ኢንዶስኮፕም (ወደ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ተጣጣፊ የካሜራ ቱቦ) ጠይቀሃል። እሱን ለዚህ ፕሮጀክት ተወው። መቆጣጠሪያው በግራ እጅ ይያዛል፣ አውራ ጣት ጫፉን የሚያጥፉትን ሁለት መዘውሮች ሲያዞር ይውላል፣ ትንሽ እጅ ትንሿ መዘውር ላይ አይደርስም። ችግሩ እውነት ነው። ግን ውኃ እንዳይገባው የታሸገ ውድ ዕቃ ስለሆነ ለሙከራ የሚፈታላችሁ የለም።

ለመሞከሪያ በሽተኛ አያስፈልጋችሁም። አንድ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከላይ ሁለት ቀዳዳ፣ ውስጡ መብራትና የኮምፒውተር ካሜራ ይበቃል። ትናንሽ ቀለበቶችን ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ማዛወር ነው ሥራው። አሮጌውንና አዲሱን እጀታ አፈራርቁ፣ ማን በአሮጌው እንደሚጀምር በዕጣ ይለይ። ፍጥነት ብቻ አትቁጠሩ፤ ሲጨርሱ ጓንቱን አስወልቁና ጣቱ ላይ የቀረውን የቀለበት ምልክት ፎቶ አንሱ፣ የት እንደደነዘዘ ጠይቁ። ከሰዎች መረጃ ስለምትወስዱ የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ። አብሽር፣ ብዙ ቢመስልም ሳጥኑ ከተሠራ ቀሪው ቀላል ነው። ሕክምና ኮሌጁ እዚሁ ደሴ ስለሆነ ሬዚደንትና ነርስ ታገኛላችሁ።

እጀታውን ከሚሞክሩት ሰዎች መካከል ግራኝ አይጥፋ። የተለመደው መቆለፊያ ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለሆነ ግራኝ ሲከፍተው ጣቱን በተቃራኒ መግፋት አለበት፤ የእናንተው መቆለፊያ ለሁለቱም እጅ እኩል መከፈት አለመከፈቱ የሚታወቀው በእሱ እጅ ነው።