ባሊን ለማየት ለምትሄዱ፦ ስለ ቤተ መቅደሶቹ፣ ስለ ተራራውና ስለ ሩዝ እርከኖቹ ጥያቄና መልስ

ስለ ኢንዶኔዥያዋ የሂንዱዎች ደሴት ስለ ባሊ የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እዚያ ትኬት ላይ 18.00 የሚል ካያችሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። ዓመቶቹ ግን በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታናህ ሎት፣ ኡሉዋቱ፣ ኡሉን ዳኑና ሌምፑያንግ የሚባሉትን ቤተ መቅደሶች በሁለት ቀን ማዳረስ ይቻላል?

ካርታው ያታልላል። ደሴቲቱ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትሆንም፣ መንገዱ ጠባብና ሞተር ሳይክል የሞላበት ስለሆነ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሄደ ተመስገን ነው። ኡሉዋቱ ደቡብ ጫፍ፣ ሌምፑያንግ ምሥራቅ፣ ኡሉን ዳኑ ሰሜን ደጋው ላይ ናቸው። ለአንድ አቅጣጫ አንድ ቀን ስጡ። ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኡሉን ዳኑ ድረሱ፤ በ1633 የተሠራ ቤተ መቅደስ ነው፣ ከብራታን ሐይቅ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ጉም ይውጠዋል። እኩለ ቀን ላይ ወደ ጃቲሉዊ የሩዝ እርከን ውረዱ፤ ጀንበር ስትጠልቅ ታናህ ሎት። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ታናህ ሎት ባሕር ውስጥ ያለ ቋጥኝ ላይ ነው የተሠራው፤ ውኃው ሲሸሽ እግሩ ሥር መድረስ ይቻላል፣ ሲሞላ ግን መንገዱ ይጠፋል። ላይኛው ቤተ መቅደስ ለጎብኚ ዝግ ነው።

ጥያቄ፦ ምን ልልበስ? ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ገብቶ ማየቱም ትንሽ ከብዶኛል።

ወንድም ሴትም ከወገብ በታች ሽርጥ፣ ወገብ ላይ ደግሞ መቀነት ያስፈልጋል። ረጅም ሱሪ ብትለብሱም በብዙ ቦታ መቀነቱ አይቀርም፤ ነጠላ ማደግደግ የለመደ ሰው ትርጉሙን ለመረዳት አይቸገርም። ትከሻም ይሸፈን። በትልልቆቹ ቦታዎች በር ላይ ይሰጣል ወይም ይከራያል፤ የራስን ገዝቶ መያዝ ግን ይሻላል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴትና ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዳይገቡ የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ታያላችሁ።

መጸለይ ማንም አይጠይቃችሁም። የባሊ ቤተ መቅደስ፣ እነሱ ፑራ ይሉታል፣ ጣሪያ ያለው አንድ ሕንፃ ሳይሆን በግንብ የታጠረ ሦስት ክፍት ግቢ ነው። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ብሎ ላደገ ሰው አሠራሩ ቶሎ ይገባዋል። ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጠኛው ግቢ በፊት ይቆማል። ከሚጸልዩ ሰዎች ፊት ለፊት አትለፉ፣ ከካህኑ ከፍ ብላችሁ አትቁሙ። መሬት ላይ መዳፍ የምታክል፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራች፣ አበባና ዕጣን ያለባት መሥዋዕት በየደረጃውና በየሱቁ ደጅ ትገኛለች፤ አትርገጧት።

ጥያቄ፦ ቲርታ ኤምፑል በሚባለው ቤተ መቅደስ ገንዳ ውስጥ የሚታጠቡት እንዴት ነው?

ይህ እንደ እኛ ጠበል ነው እንጂ መዋኛ አይደለም፤ እዚያ መግባት የአምልኮ ሥርዓት ውስጥ መግባት ነው። ያልፈለገ ዳር ቆሞ ቢያይ ነውር የለውም፣ ለእኔ እንዲያውም ይሄ ይበልጣል። የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ዕቃውን ቆልፎ የመታጠቢያውን ሽርጥና መቀነት ይከራያል። ከዚያ ከግራ ጫፍ ባለው አሸንዳ ተሰልፎ እጁን ገጥሞ ይጸልያል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ጭንቅላቱን ከውኃው ሥር ያጎነብሳል፤ እንዲህ እያለ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለሙታን ሥርዓት የተለዩ ሁለት አሸንዳዎች ስላሉ፣ ከፊታችሁ ያለው የአገሬው ሰው የዘለለውን እናንተም ዝለሉ። ወለሉ አልጌ ይዞ ስለሚያንሸራትት እግራችሁን እየሳባችሁ ሂዱ። ውኃውን አትጠጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅያሪ ልብስ ሳይዝ መግባቱ ላይ ነው፤ በእርጥብ ልብስ ወደ ውስጠኛው ግቢ አያሳልፉም። ሙሉ ጨረቃ በሆነችበት ቀን ምእመናኑ ስለሚበዙ ለጎብኚ ቦታ የለም።

ከገንዳው ኋላ ያለውን ምንጭ ሳታዩ አትውጡ። ጥርት ካለው ውኃ ሥር ጥቁሩ አሸዋ ሽሮ እንደሚንተከተክ ቡፍ ቡፍ ይላል። ቦታው በ962 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ፣ እንደተመሠረተ ይነገራል።

ጥያቄ፦ የሌምፑያንግ “የሰማይ በር” ከሐይቅ ላይ ነው?

ሐይቅ የለም። ፎቶ አንሺው ስልካችሁን ተቀብሎ ከካሜራው ሥር ትንሽ መስተዋት ይደግናል፤ ውኃ የሚመስለው ነጸብራቅ የመስተዋቱ ነው። ድንጋዩ ደረቅ ወለል ነው። ትኬት ላይ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ረፋድ ላይ የደረሰ ለጥቂት ሰከንድ ፎቶ ሰዓታት ይጠብቃል። በሁለቱ የተሰነጠቀ በር ክንፎች መካከል የሚታየው የአጉንግ ተራራም ረፋዱ ላይ በደመና ይሸፈናል። ስለዚህ ወይ ንጋት ላይ ድረሱ፣ ወይ ፎቶውን ትታችሁ 1,700 ያህል ደረጃ ወጥታችሁ ጫፉ ላይ ያለውን ቤተ መቅደስ እዩ፤ እዚያ ወረፋ የለም።

ጥያቄ፦ የኡሉዋቱ ዝንጀሮዎች እውነት ይሰርቃሉ?

አዎ፣ መርጠውም ነው የሚሰርቁት፦ መነጽር፣ ስልክ፣ ኮፍያ፣ ነጠላ ጫማ። ዕቃው በፍራፍሬ እንደሚለወጥ አውቀዋል። ራሳችሁ አትታገሉ፣ ጠባቂውን ጥሩ። ከነከሱ ወይም ከቧጠጡ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ባሊ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ አለ።

ጥያቄ፦ ባቱር ተራራ ይከብዳል?

ቁመቱ 1,717 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ትንፋሽ አያሳጥርም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ያህል ይወጣል። የአካባቢው አስጎብኚዎች ያለ እነሱ አያሳልፉም፤ ከመከራከር ዋጋውን አስቀድሞ መስማማት ነው። አደጋው ሲወረድ ነው፤ የእሳተ ገሞራው ጠጠር እንደ ባቄላ ከእግር ሥር ይንከባለላል። ጥርስ ያለው ጫማ፣ የግንባር መብራትና ሹራብ ያዙ።

ጥያቄ፦ ከሩዝ እርከኖቹ ቴጋላላንግ ይሻላል ወይስ ጃቲሉዊ?

ጃቲሉዊ። ቴጋላላንግ ዥዋዥዌና ካፌ በዝቶበታል። የጃቲሉዊን ትርጉም የሚሰጠው ደግሞ ውኃው ነው። ሱባክ የሚባሉት የገበሬ ማኅበራት ውኃውን የሚከፋፈሉትና የመዝሪያውን ጊዜ የሚወስኑት በውኃ ቤተ መቅደሶች አማካይነት ነው፤ ዩኔስኮ በ2012 የመዘገበውም ይህንን ሥርዓት ነው። የአንድ አካባቢ ማሳ ሁሉ አብሮ ሲታጨድ አይጥና ተባይ የሚበላው ያጣል። በ1970ዎቹ መንግሥት በተከታታይ ዝሩ ሲል ይህ ቅንጅት ፈረሰና ተባዩ ሰብሉን ጨረሰው፤ ያኔ ነው የቤተ መቅደሶቹ ቀን አቆጣጠር እምነት ብቻ እንዳልነበረ የተረዱት። በማሳዎቹ መካከል ስትሄዱ የእርከኑን ጠርዝ እንዳታፈርሱ በተሠራው መንገድ ብቻ ተራመዱ።

ጥያቄ፦ መቼ ልሂድ? ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። እኛ ጋ ክረምት በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ደረቅ ነው፣ ግን ሰው ይበዛል፤ ግንቦትና መስከረም ይሻላሉ። ሴኩምፑልን የመሰለ ፏፏቴ በዝናብ ወቅት ይደፈርሳል፣ ደረጃውም ያንሸራትታል። ከመነሳታችሁ በፊት ኒየፒ የሚባለውን የጸጥታ ቀን አጣሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት ላይ ይውላል፣ አውሮፕላን ማረፊያው ለ24 ሰዓት ይዘጋል፣ ጎብኚም ከሆቴሉ አይወጣም።

ለአሜሪካና ለብዙ አውሮፓ ፓስፖርቶች ሲደርሱ የሚሰጥ የ30 ቀን ቪዛ አለ፣ 500,000 ሩፒያ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ቪዛውን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፤ ከአገር ቤት የምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም አትርሱ። ከ2024 የካቲት ጀምሮ የውጭ ጎብኚ ሁሉ 150,000 ሩፒያ ለደሴቲቱ ይከፍላል፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት ከፍሎ ደረሰኙን ስልክ ላይ መያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ነኝ፣ ምን እበላለሁ?

ቴምፔና ታሁ፣ ሁለቱም ከአኩሪ አተር የሚሠሩ፣ በየመንገዱ ምግብ ቤት አሉ። ጋዶ ጋዶ የሚባለው አትክልት በለውዝ ስጎ ጥሩ ነው፤ ግን ላዩ ላይ እንቁላል ይደረጋል፣ ስጎው ውስጥም የሽሪምፕ ቅመም ሊኖር ይችላል። “ታንፓ ቴሉር፣ ታንፓ ቴራሲ” በሉ፦ ያለ እንቁላል፣ ያለ ሽሪምፕ ቅመም ማለት ነው።