መልስ፦ የሁለት አሳታሚዎች የአጠቃቀም ቁጥር ለምን አይወዳደርም?

ሰላም ለእርስዎ። ቂሊንጦ ላለው ካምፓሳችሁ ሁለት አሳታሚዎች የሚልኩት የኤሌክትሮኒክ ጆርናል አጠቃቀም ቁጥር ለምን በጣም እንደሚራራቅ ጠይቀዋል። መጀመሪያ ሁለቱም የካውንተር (አሳታሚዎች አጠቃቀምን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲቆጥሩ የወጣ ዓለም አቀፍ መስፈርት) ሪፖርት መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ አሳታሚው በራሱ ዘዴ የቆጠረውን ከካውንተር ጋር አይደባልቁ። ለጆርናል «ቲአር ጄ1» (TR_J1) የተባለውን የካውንተር ሪፖርት አውርደው «ዩኒክ አይተም ሪኩዌስትስ» የሚለውን መስመር ይውሰዱ፤ ይህ አንድን ጽሑፍ በአንድ የአጠቃቀም ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጥራል። «ቶታል» የሚለው አንድ ተማሪ መጀመሪያ በድረ ገጽ ያነበበውን፣ ቆይቶ በፒዲኤፍ ያወረደውን ያንኑ ጽሑፍ ሁለት ይለዋል። «ቲአር ጄ2» (TR_J2) የተባለውንም ሪፖርት አይለፉት፤ ፈቃድ ስለሌለ የተመለሱ ሙከራዎች እዚያ አሉ፣ ለግዢ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ቁጥር በብዛት የሚጠፋው ግን በአይፒ አድራሻ፣ ማለትም አሳታሚው ተቋማችሁን በሚለይበት የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ተማሪው ቤቱ ሆኖ በሞባይል ዳታ ሲሞክር በፕሮክሲ (ከውጭ የሚገባውን በተቋሙ አድራሻ በኩል የሚያሳልፍ ሰርቨር) ወይም በተቋሙ መለያ ካልገባ በእናንተ ስም አይመዘገብም። ካምፓሱና ዋናው ግቢ በአንድ የውጭ አይፒ ከወጡ ደግሞ ሪፖርቱ አይለያቸውም። የኔትወርክ ክፍሉ ለካምፓሱ የተለየ አድራሻ ይስጥ፤ ከዚያ አሳታሚው በተለየ አካውንት እንዲመዘግበው ይጠይቁ። ያለፈውን ግን መለየት አይቻልም።

የሪፖርቱ ወርም የፈረንጅ ነው። በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1፣ ማለትም ጁላይ 8 ስለሚጀምር፣ ከጁላይ እስከ ጁን ያለውን ወስደው የሰባት ቀኑን ልዩነት ከሠንጠረዡ ግርጌ ይጻፉ።