ያረጀ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ እቅድ ላይ ልግባ ወይስ አዲስ ግንባታ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲገባ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ሠርተሻል፤ አሁን ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል። አንዱ ሕንፃ የሚሠራ ተቋራጭ ዘንድ የሳይት መሐንዲስነት ነው። ሌላው ዕድሜው የገፋ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በሚቀጥሉት 20 ዓመታት እንዴት እየታደሰ እንደሚሄድ የሚያቅድ ቡድን ውስጥ በጀማሪ መሐንዲስነት መግባት ነው። ደመወዙ ተቀራራቢ ነው። «ሁለተኛው ይስበኛል፤ ግን ማንም የማያነበው ሪፖርት ስጽፍ ሙያዬ እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ። ስለ ፍሳሽ የወሰድኩት ኮርስም አንድ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ማስተርስ ልማር?» ብለሻል።

ሁለተኛውን ያዢው፤ ማስተርሱን አቆዪው። ነገር ግን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ጣቢያው ውስጥ ከኦፕሬተሮቹ ጋር እንድትውዪ ይፈቅዱልሻል? «አንቺ ቢሮ ነው የምትቀመጪው፤ መረጃው ይላክልሻል» ካሉሽ ምክሬን እለውጣለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

የረጅም ጊዜ እቅድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መጪው ጊዜ ነው፤ የሕዝብ ቁጥር ትንበያ፣ አዲስ ቴክኖሎጂ፣ ባለ ቀለም ካርታ። በተግባር ግን አብዛኛው ድካም የሚያልቀው ዛሬ ያለውን ጣቢያ በማወቅ ላይ ነው። ትንበያውን ቀመር የሚያውቅ ሁሉ ይሠራዋል። ያለውን አበጥሮ የሚያውቅ መሐንዲስ ግን ጥቂት ነው፤ አንቺን ተፈላጊ የሚያደርግሽም እሱ ነው።

«ያረጀ ጣቢያ» ስንል እንኳ ዕድሜው አንድ አይደለም። በደንብ የተሠራ የኮንክሪት ገንዳ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ፓምፕና ብሎወር (አየር የሚገፋው ማሽን) ከ15 እስከ 25 ዓመት አካባቢ ይቆያሉ። የመቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ 10 ወይም 15 ዓመት ሲሞላው፣ ባይበላሽ እንኳ መለዋወጫው ከገበያ ይጠፋል። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ በተለያየ ሰዓት ያረጃሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጣቢያው አንድ ቀን እንኳ አይዘጋም። ፍሳሹ ሌሊትም በዓልም ሳይል ይመጣል፤ እናንተ ደግሞ እሱ እየፈሰሰ፣ የተጣራው ውሃ ከልቀት ፈቃዱ ሳይወጣ ታድሳላችሁ። የትኛው ዕቃ መቼ፣ ከየትኛው ቀድሞ፣ በስንት ገንዘብ ይቀየራል የሚለውን መወሰን ነው እንግዲህ «ወረቀት» ያልሽው ሥራ።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አየር መስጫ ገንዳዎች፣ ማለትም ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አየር የሚያገኙባቸው፣ አራት ናቸው እንበል። ከሥራቸው አየር የሚረጩት ዲፊዩዘሮች ስላረጁ ሊቀየሩ ነው። እቅዱ ላይ «አንዱን ገንዳ ዘግቶ፣ አድርቆ፣ ቀይሮ ወደሚቀጥለው መሄድ» ተብሎ በአንድ መስመር ተጽፏል። የተቀሩት ሦስቱ ሸክሙን ይችሉታል ወይ የሚለውን ታሰያለሽ፤ ዝናብ የማይበዛበትን ወቅት ትመርጫለሽ፤ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው። ከዚያ ጣቢያው ዘንድ ረጅም ዓመት የሠሩ ኦፕሬተር «ልጄ፣ ያ ጌት እኮ አይዘጋም» ይሉሻል። ገንዳውን ከሌሎቹ የሚለየው ጌት ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ዝጎ ተጣብቋል፤ ቢገፉት ዘንጉ ይሰበራል። ጌቱ ካልተዘጋ ገንዳው አይደርቅም። ጌቱን ለመቀየር ደግሞ ውሃውን በጊዜያዊ ፓምፕ አዙሮ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ፕሮጀክትና በጀት ነው። ስለዚህ በእቅዱ የመጀመሪያ ዓመት የሚገባው ዲፊዩዘሩ ሳይሆን ማንም ያላሰበው ጌት ይሆናል። ይህንን የትኛውም ንድፍ ላይ አታገኚውም፤ ንድፉ ላይ ጌቱ ይዘጋል።

ቁጥሮቹም እንደዚያው ናቸው። የእቅዱ መነሻ ወደ ጣቢያው የሚገባው የፍሳሽ መጠንና የብክለት ጭነት ነው። ሁለቱን እንዳታምታቻቸው አደራ፤ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ያምታቱታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ1991 የከተማ ፍሳሽ ሕግ አንድን ሰው በቀን በ60 ግራም ቢኦዲ (ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ለመፍጨት በሚፈልጉት ኦክስጅን የሚለካ የብክለት ጭነት) ይመትረዋል። ስለዚህ 100,000 ሰው በቀን 6,000 ኪሎ ግራም ያመነጫል። እያንዳንዱ ሰው በቀን 200 ሊትር ፍሳሽ ቢለቅ ጠቅላላው 20,000 ሜትር ኩብ፣ ጥግግቱም በሊትር 300 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሰው ውሃ ቆጥቦ 150 ሊትር ላይ ቢደርስ ውሃው ወደ 15,000 ሜትር ኩብ ይወርዳል፣ ጥግግቱ ግን ወደ 400 ይወጣል፤ 6,000ው ኪሎ ንቅንቅ አይልም። የፍሳሹን መጠን ብቻ ያየ ሰው «ገና ሩብ አቅም ተርፎናል» ይላል፤ አየር መስጫው ግን እንደ በፊቱ ሙሉ ነው። ተቃራኒውም አለ። የፍሳሽ መስመሩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ በዝናብ ጊዜ ጣቢያው የሚያጣራው ግማሹ ዝናብ ሊሆን ይችላል። ያኔ አዲስ ገንዳ ከመገንባት መስመሩን መጠገን ይረክሳል፤ ይህንን ግን ደፍሮ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ገንዳ ይመረቃል፤ የተጠገነ ቧንቧ ከመሬት በታች ስለሆነ ማንም ሪባን አይቆርጥለትም።

የናሙና መውሰጃው የት እንደቆመ ደግሞ በዓይንሽ እዪ። ዝቃጭ (ከፍሳሹ ተለይቶ የሚረጋው ጭቃ መሰል ነገር) ሲጨመቅ የሚወጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ወደ ጣቢያው መግቢያ ተመልሶ ይለቀቃል፤ በአሞኒያ የተሞላ ነው። ናሙና መውሰጃው ይህ ውሃ ከተቀላቀለ በኋላ ካለ፣ የራስሽን ጣቢያ ቆሻሻ ከከተማው መጣ ብለሽ ሁለት ጊዜ ትቆጥሪያለሽ። በዚያ ቁጥር ላይ የ20 ዓመት መስመር ስታሰምሪበት ስህተቱም አብሮ 20 ዓመት ይሄዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ እዚህ ግን የሚለቀመው ኮንክሪት ስለሆነ አይለቀምም።

ኦፕሬተሮቹ በየቀኑ የሚያደርጉትን የአንድ ሊትር ሙከራ ከጎናቸው ቆመሽ ተመልከቺ። ከአየር መስጫው የተቀዳውን ቡናማ ድፍርስ በምልክት በተለካ ብርጭቆ ሞልተው 30 ደቂቃ ያስቀምጡታል። ዝቃጩ መጀመሪያ ይቋጠራል፣ ከዚያ እንደ ደመና ተሰብስቦ ይወርዳል፣ ከላይ የጠራ ውሃ ይቀራል። በሊትር 3 ግራም ጠጣር ያለው ድፍርስ 300 ሚሊ ሊትር ላይ ቢረጋ ኢንዴክሱ (አንድ ግራም ዝቃጭ የሚይዘው ቦታ በሚሊ ሊትር) 100 ነው፤ ጥሩ ነው። 600 ላይ ቢቀር 200 ነው፤ ዝቃጩ አብጧል፣ ምናልባትም ክር መሰል ባክቴሪያዎች በዝተውበታል። ለአንቺ ትርጉሙ ምንድን ነው? ማዝቀጫ ገንዳው (ዝቃጩ ረግቶ ከውሃው የሚለይበት) ያው ገንዳ ሆኖ በመጀመሪያው ዝቃጭ ብዙ ውሃ ያስተናግዳል፣ በሁለተኛው ግን ቀድሞ ይሞላና ዝቃጩ በአፉ ይወጣል። የጣቢያ አቅም የኮንክሪቱ ስፋት ብቻ አይደለም። ዝቃጩ ለምን እንዳበጠ ታውቆ ከተስተካከለ፣ በእቅዱ በአምስተኛው ዓመት ሊገነባ የነበረው ሦስተኛ ማዝቀጫ ወደ አሥራ ሁለተኛው ሊገፋ ይችላል። አንድ ጀማሪ መሐንዲስ ለመሥሪያ ቤቱ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያተርፍበት ሌላ መንገድ ብዙ አላውቅም።

ስለ ቴክኖሎጂው ብዙ አልልም፤ አቅራቢዎቹ ራሳቸው መጥተው ይነግሩሻል። በሜምብሬን ማጣራት፣ ባክቴሪያ የሚጣበቅበት ተንሳፋፊ ፕላስቲክ መጨመር፣ ጥራጥሬ መሰል ዝቃጭ ማሳደግ፣ ሁሉም ከነባሩ ገንዳ ውስጥ ተጨማሪ አቅም ማውጣት የሚችሉ እውነተኛ መንገዶች ናቸው። ግን ሜምብሬን ለምሳሌ ከፊቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት ይፈልጋል፤ ያረጀ ጣቢያ እንዲህ ያለ ወንፊት እምብዛም የለውም። ወንፊቱ ሲገባ ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ይበላል፤ ያ ከፍታ ከሌለ ፓምፕ ይጨመራል። በሌላ በኩል ተራ የሚመስለው የአየር አሰጣጥ ማሻሻያ አለ። በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ከኤሌክትሪኩ ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሚበላው አየር መስጠት ነውና ደቃቅ አረፋ የሚሰጥ ዲፊዩዘርና ጥሩ ቁጥጥር ወጪውን ቶሎ ይመልሳል። ባክቴሪያ ያዘለውን ዝቃጭ አየር እየሰጡ ፍሳሽ የሚያጣሩበት የአክቲቬትድ ስላጅ ዘዴ ከማንችስተር ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው፤ ዛሬም የብዙው ጣቢያ ልብ እሱ ነው። መሠረቱን ብትማሪ አያረጅብሽም።

ጥሩ እቅድ «በ2035 ገንዳ እንሠራለን» አይልም። «ጭነቱ ከአቅሙ 80 በመቶ ሲደርስ ዲዛይን እንጀምራለን» ይላል፤ ምክንያቱም ከዲዛይን እስከ ርክክብ ዓመታት ይፈጃል። ከተማው ቀስ ብሎ ካደገ ገንዘቡ ይቆያል፣ ከፈጠነ እቅዱም ይፈጥናል። ሕግም ይቀየራል። ቅድም የጠቀስኩት የአውሮፓ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 ተሻሽሎ ትልልቅ ጣቢያዎች የመድኃኒትና የመዋቢያ ቅሪትን ጭምር እንዲያጣሩ እስከ 2045 በደረጃ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጣቢያ የነደፉት መሐንዲሶች ይህንን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ግቢው ውስጥ ባዶ ቦታ የተዉት ግን ዛሬ ይመሰገናሉ። እቅድ ውስጥ «እዚህ ምንም አይሠራም» ብሎ ቦታ መጠበቅም ሥራ ነው።

ወደ ማስተርሱ ልመለስ። አሁን ብትገቢ የሰው ጥያቄ ስትመልሺ ትመረቂያለሽ። ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራሽ በኋላ የራስሽን ጥያቄ ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ ምናልባት የዝቃጭ ባዮሎጂ፣ ምናልባት የንብረት አስተዳደር፣ ምናልባትም ፋይናንስ ይሆናል። እስከዚያ የሚገባውንና የሚወጣውን የማመጣጠን ሂሳብ በኤክሴል አጥብቀሽ ልመጂ። ጣቢያን በኮምፒውተር የሚያስመስሉት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጣው ኤኤስኤም1 ከተባለው ሞዴል ቤተሰብ ናቸው፤ ቁልፉን መጫን ሳይሆን ውስጡ ያሉትን እኩልታዎች ለማንበብ ሞክሪ። የዛሬ ወጪንና የ20 ዓመት የኤሌክትሪክና የጥገና ወጪን አንድ ላይ አምጥቶ ማወዳደርንም ከሒሳብ ክፍሉ ሰው ተማሪ። ሪፖርቱን የሚያነበውና ገንዘቡን የሚፈቅደው ቦርድ መሐንዲስ አይደለም። ሁለት ገጽ ግልጽ ጽሑፍ መጻፍ ከቻልሽ «ማንም የማያነበው» ያልሽው ፍርሃት ግማሹ ይወገዳል።

ከኦፕሬተሮቹ ጋር ስትውዪ «ችግር አለ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «የለም» ነው የሚሉሽ፣ ከቢሮ የመጣ ሰው ፊት ማን ጉዱን ያወጣል? «ሌሊት ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የምትሮጡት ወዴት ነው?» በያቸው። መልሱ የጣቢያው ጠባብ ጉሮሮ ነው። በዕድሜ የገፉትን በአንቱታ አነጋግሪ፤ የነገሩሽን ነገር ሪፖርት ላይ ስትጽፊ ከማን እንዳገኘሽው ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ጥቀሺ።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ከውሃው ወለል በላይ ያለው የተሸፈነ ኮንክሪት ብዙ ጊዜ ከሥሩ ካለው ይልቅ የተበላ ነው፤ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ ግድግዳው ላይ በባክቴሪያ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚቀየር። ይህንን ለማየት ትጓጊያለሽ፣ ትክክልም ነሽ። ግን ያለ ጋዝ መለኪያ፣ ያለ ፈቃድና ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ማንሆልም ሆነ የተሸፈነ ክፍል ውስጥ አትግቢ። ጋዙ ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ) ሲጠጋ አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። አለቃሽ ቢያስቸኩልሽም እምቢ በይ።

የሥራውን መጥፎ ጎንም ልንገርሽ። ቀርፋፋ ነው። ያቀድሽውን ተገንብቶ ሳታዪ መሥሪያ ቤት ልትቀይሪ ትችያለሽ። በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚዘለው ገና ያልተሰበረ ዕቃ ነው፤ አንቺም በየዓመቱ ያንኑ ክርክር ትከራከሪያለሽ። በስድስት ወር ግድግዳ ሲቆም ማየት ካልቻልሽ የሚከፋሽ ሰው ከሆንሽ ሕንፃውን ምረጪ፤ የሳይት ልምድ ኋላ ወደዚህ ብትመለሺም ይጠቅምሻል።

ለቃለ መጠይቁ ከኦፕሬተሮቹ ጥያቄ ሌላ ሁለት ጨምሪ። ያለፈውን ማስተር ፕላን ልየው በያቸው፤ ከዚያ ምን ያህሉ እንደተሠራና ያልተሠራው ለምን እንደቀረ ጠይቂ። መደርደሪያ ላይ የቀረ ከሆነና ምክንያቱን በግልጽ የሚነግርሽ ካለ አትሽሺ፤ የሚሸፋፍኑት ከሆነ ግን አስቢበት። ሁለተኛው፣ የምትሠሪው ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር ይሁን፣ ጊዜውም ለሙያ ፈቃድሽ ይቆጠር እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጪ። የሥራ መደቡ ዝርዝር ላይ «የመስክ ሥራ» የሚል ከሌለ እንዲጨመር ጠይቂ፤ በቃል የተገባ ቃል አለቃ ሲቀየር ይረሳል። ውሉ ሲደርስሽ ግልጽ ያልሆነ አንቀጽ ካለ ላኪልኝ።