ወንድሜ «ማስረጃሽ የታለ?» ይለኛል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እሁድ እሁድ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እናታችን ቤት ይመጣል። ገና አቦሉ ሳይቀዳ «እግዚአብሔር ለመኖሩ ማስረጃሽ የታለ?» ይለኛል። «አንተስ ነገ ፀሐይ እንደምትወጣ ታምን የለ?» ብለው ሳቀብኝ። ምን ልበለው?
አንባቢህ ነኝ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም አማኝ ነኝ። በዚህች ግን ወንድምሽ ልክ ነው። ፀሐይዋን በየቀኑ ሲያያት ኖሯል፤ መሬት ስለምትዞር እንደሆነም ያውቃል። ያንቺ እምነት እንዲህ ያለ አይደለም። አንድ ናቸው ካልሽው የራስሽን ታረክሻለሽ።

ማስረጃ መጠየቁንም አትቆጪው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ቶማስ ቁስሉን ካላየሁና ካልዳሰስኩ አላምንም ብሏል። ጌታ አላባረረውም፤ እጅህን አምጣ አለው።

«ሳይንስ የገባው ሰው አያምንም» ካለሽ ግን እዚያ ላይ ያዢው። ቤልጅየማዊው ዦርዥ ለሜትር ካህንም የፊዚክስ ሊቅም ነበር። ጠፈር እየሰፋ መሆኑን በ1927 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ይህን ሥራውን ግን ለፈጣሪ መኖር ማረጋገጫ አላደረገውም። ይህን ሰው በጣም ነው የምወደው። በእርግጥ የእሱ ማመን እግዚአብሔር አለ ማለትን አያሳይም፤ የሚያፈርሰው ያንን አባባል ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን እምነቱን ምን እንዳስተወው ጠይቂው። የሕፃናት ስቃይ ነው ካለሽ በአንድ ጥቅስ አትዝጊበት፤ ኢዮብም «ለምን?» ብሎ ጮኋል። እናታችሁ ፊት ሃይማኖቷን እንዳያንቋሽሽ ግን በግልጽ ንገሪው።