የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ ጾሙንና ቅዳሴውን እንዴት ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለማስተርስ ትምህርት ኔዘርላንድስ፣ ኤንሰኼዴ የምትባል ከተማ ከመጣሁ ጥቂት ሳምንታት ሆኑኝ። እንቁጣጣሽም መስቀልም ብቻዬን አለፉ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው በባቡር ሁለት ሰዓት ግድም ርቆ ስለሆነ እሑድ ለቅዳሴ አልደርስም። እዚህ ምሳ ዳቦ በቺዝ ነው። አንድ ረቡዕ የቡድን ሥራ ላይ ሳለን እንዳይታዘቡኝ ብዬ አብሬያቸው በላሁ። ከዚያ ወዲህ «አንዴ ፈርሷል» እያልኩ ዓርቡንም ተውኩት። እናቴ ጽጌን እየጾመች ነው፤ ስትደውል ማንሳት አፈርኩ። እዚህ የሶርያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ ይላሉ። መሄድ እችላለሁ? መቁረብስ? ቅዳሴውን በስልክ ብከታተል አይበቃም?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ከሁሉም ያሳሰበኝ «አንዴ ፈርሷል» ያልሽው ነው። ረቡዕ የበላሽውን ለንስሐ አባትሽ ትናገሪያለሽ፣ እሳቸው ቀኖና ይሰጡሻል፣ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ዓርብ ግን የራሱ ጾም ነው። ረቡዕ ስለተበላ ዓርብ አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተተወ ነገር ትምህርቱ እስኪያልቅ እንደተተወ ሲቀር በብዙ ልጆቻችን ላይ አይቻለሁ። ስለዚህ «ትንሽ ልረጋጋና እጀምራለሁ» አትበይ።

ዳንኤልን አስቢው። እሱም ሰው አገር የገባ ተማሪ ነበር። የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማር ተመደበ፣ ምግቡም ከንጉሡ ማዕድ እንዲሆን ታዘዘለት። እሱ ግን መጀመሪያ በልቡ አሰበ፣ ቀጥሎ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ (ዳን. 1፥8)። ከማንም አልተጣላም፣ ትምህርቱንም አላቋረጠም። ጥራጥሬና ውኃ ስጡንና ዐሥር ቀን ፈትኑን አለ።

አንቺም ለቡድንሽ አንድ ጊዜ ንገሪያቸው፦ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልበላም በይ። እዚያ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ ያለ ሃይማኖት ምክንያትም እንዲህ የሚበላ ሞልቷል። ማንም አይታዘብሽም። ከሱቅ ስትገዢ የዕቃውን ጀርባ እዪ። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ ወተትና እንቁላል በዝርዝሩ ውስጥ ጎላ ብለው እንዲጻፉ ግዴታ ነው። በደችኛ «ሜልክ» ወተት፣ «ኤይ» እንቁላል ነው። ምስርና ሽምብራ ቱርኮች ሱቅ አይጠፋም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሠርተሽ በምሳ ዕቃ ቋጥሪ። ደግሞም የጾም ምግብ መብላት ብቻውን ጾም አይሆንም። ሰዓቱ እዚያም 9 ሰዓት ነው፣ የእነሱ ሰዓት 15 ሲል ማለት ነው። ክፍል እየዋልሽ እስከዚያ መቆየት ከከበደሽ ከራስሽ አትቀንሺ፤ ንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም። ስላልጾምሽው አትሸማቀቂ፣ የእናትሽን ስልክ አንሺ። ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት ግን የሁላችንም ነው። ያን ጊዜ የእነሱ በዓላት ይደራረባሉ። በዲሴምበር 5 ሲንተርክላስ ብለው ቸኮሌት ይሰጣጣሉ፣ በ25 ገናቸው ነው፤ እኛ ገና ጾም ላይ ነን። የሰጡሽን በደስታ ተቀበይና ለልደት አስቀምጪው።

አሁን ወደ ቅዳሴው። አዎ፣ ወደ ሶርያውያኑ ሂጂ። የሶርያ፣ የግብፅ፣ የአርመንና የሕንድ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በእምነት ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። በ1965 እ.ኤ.አ. መሪዎቻቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋባዥነት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር። ዝምድናው ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ውዳሴ ማርያምን የደረሰው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ነው። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ የሶርያዊው የያዕቆብ ዘሥሩግ ነው። አንቺ ካለሽበት ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ጀርመን ድንበር አጠገብ፣ ግላነ በምትባል መንደር ያለው ገዳማቸውም በቅዱስ ኤፍሬም ስም የተሰየመ ነው። አብዛኞቹ ከደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ ከጡር አብዲን የመጡ ናቸው፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ፍለጋና ስደት አምጥቷቸዋል። ገዳሙን በ1981 ገዝተው በ1984 እ.ኤ.አ. አስባረኩት። ሰው አገር ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን መኖር ምን እንደሆነ ያውቁታልና እንደ ባዕድ አያዩሽም።

ሥርዓቱ ሁሉ እንደኛ አይሆንም። ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ጫማም አድርገው ብታዪ አትደንግጪ። የሚቀድሱት በሱርስት፣ በጥንቱ የሶርያ ቋንቋ ነው። ነጠላሽን ለብሰሽ ቁሚ። «ቃዲሻት አሎሆ» ሲሉ ስትሰሚ «ቅዱስ እግዚአብሔር» እያሉ ነውና አንቺም በግእዙ አብረሽ በይ።

መቁረብም ይቻላል፣ ግን ዝም ብለሽ ተሰልፈሽ አይደለም። መጀመሪያ ንስሐ አባትሽን አስፈቅጂ። ከዚያ ከቅዳሴ በፊት የዚያን ቤተ ክርስቲያን ካህን አግኝተሽ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ መሆንሽን፣ ንስሐ መግባትሽንም ንገሪያቸው። እሳቸው ሲፈቅዱ ትቆርቢያለሽ። ጓደኞችሽ ወደ ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ቢወስዱሽ በአክብሮት ገብተሽ ማየት ትችያለሽ፤ ከእነሱ ግን አትቁረቢ።

በስልክ የሚተላለፍ ቅዳሴ ለታመመና መሄድ ላልቻለ ትልቅ መጽናኛ ነው። ቅርብሽ ቤተ ክርስቲያን እያለ አልጋ ላይ ተጋድሞ ማየት ግን ማስቀደስ አይባልም። ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፦ የግል ጸሎትሽንስ? ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል ብለሽ ትተሽው እንዳይሆን። በስልክሽ ኮምፓስ ምሥራቁን ለዪና ውዳሴ ማርያምን የዕለቱን ክፍል ብቻ፣ ለራስሽ በሚሰማ ድምፅ ድገሚ። ሰባት ቀን፣ ሰባት ክፍል ነው። ለጊዜው ከዚህ በላይ አትጫኚ።

ለንስሐ አባትሽ ግን ዛሬውኑ ደውዪ። ኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት፣ ክረምታቸው ሲገባ በሁለት ሰዓት ትቀድማለችና ሳይመሽባቸው ድረሺ። የረቡዑን ንገሪያቸው፣ የሶርያውያኑን ፈቃድም በዚያው ጠይቂ። ንስሐ አባት ከሌለሽ ደግሞ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ እዚያ ከሚያገለግሉ ካህናት ጋር አገናኝሻለሁ።