ፎርዊል ተከራይተህ ጫካ ልትገባ ከሆነ

ወንድሜ፣ «ፎርዊል ተከራይቼ፣ ልጆቹን ይዤ፣ ከሜልቦርን ሳልርቅ የምነዳው ቀላል የጫካ መንገድ የት አለ?» ላልከው፣ ብላክውድ ሂድ። በባከስ ማርሽ በኩል ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በፒስታው ወደ ኦብራየንስ ክሮሲንግ ትወርድና ለርደርደርግ ወንዝ ዳር ምሳችሁን በልታችሁ ትመለሳላችሁ። መሬቱ ደረቅ ከሆነ ለጀማሪ አይከብድም።

1. ጎማውን አስተንፍስ። አስፋልት ላይ 36 ፒኤስአይ ከነበረ ወደ 26 አውርደው። መልሰህ የምትነፋበት ኮምፕሬሰር አትርሳ።

2. ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠህ አትውረድ። ሎው ሬንጅ (የፎርዊሉን ዝግተኛ፣ ጉልበታም ማርሽ) አስገባ፣ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዘው። እኔ ሊማሊሞን በኤፍኤስአር ስመላለስ የኖርኩ ሾፌር ነኝ፤ ይህን እዚህ አገር ማንም አላስተማረኝም።

3. ከአከራዩ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበል። ዋናው ይሄ ነው። እኔ መኪናውን ስረከብ «ፒስታ ላይ ልነዳው ነው» ብዬ በግልጽ ጠይቄያለሁ። አከራዩ ቤት የሚሠራው ልጅ «ኖ ወሪስ!» (ችግር የለም) ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ስመልስ ሌላዋ ሠራተኛ በስልኳ መብራት ሥሩን አየች፣ ከጭቃ መከላከያው ውስጥ ቀይ አፈር በጣቷ ጠርጋ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል «አስፋልት ካልሆነ ኢንሹራንሱ አይሠራም» ይላል። ታዲያ ፎርዊል ብለው የሚያከራዩት የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ እንድንነዳው ነው? «እንግሊዝኛ ማንበብ ትችላለህ?» አለችኝ፣ ልጆቼ ፊት። «ኖ ወሪስ» ያለው ልጅ እዚያው ቆሞ ኮምፒውተሩን ያያል። የበሩን አሮጌ ጭረት ሳይቀር በእኔ ላይ ደምረው ማስያዣዬን በሉት። ስለዚህ ስትረከብ ዙሪያውንም ሥሩንም በቪዲዮ ቅረጽ። አስፋልት ያልሆነ መንገድ የሚፈቅዱ አከራዮች አሉ፤ ወደድ ይላሉ፣ ግን ውላቸው ላይ ይጽፉልሃል።

ሐምሌ ላይ ካሰብክ ደግሞ ተወው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ብዙ የጫካ መንገዶች በር ይዘጋባቸዋል፤ የትኞቹ እንደሆኑ የክፍለ ግዛቱ የፓርኮች መሥሪያ ቤት፣ ፓርክስ ቪክቶሪያ፣ ድረ ገጽ ላይ ታገኘዋለህ። ጭቃ ከያዘህ የተጎታች ማያያዣዋ ኳስ ላይ ገመድ አስረህ እንዳትጎተት፣ ተበጥሳ ሰው የገደለችበት አገር ነው። ሸለቆው ውስጥ ስልክም ብዙ ቦታ አይይዝም፣ የት እንደምትሄድ ለሰው ተናግረህ ውጣ።

ጀበናና ከሰል የምትይዙ ከሆነ ጠቅላላ የእሳት እገዳ የታወጀበት ቀን አለመሆኑን አረጋግጥ፤ ያን ቀን ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ነው። እኛ በጋ ላይ ፔርሙስ ነው የምንይዘው። ባለቤቴ አሁንም ቡና አትለውም።